ማን ቀድሞ ይቅመስ

እየሩስ «ለእሁድ ወይን አለኝ» ስትል እትዬ ጌታነሽ የሰሙት ሌላ ነገር ነበር። የተገናኙት ከምንጩ በሚመልሰው መንገድ ላይ ነው። ሴትዮዋ ጀሪካናቸውን ከጀርባቸው ሳያወርዱ ቆሙና ፊታቸው በራ።

«ተባረኪ! ለማርያም ነው ለአማኑኤል?»

እየሩስ ጥያቄው አልገባትም። «ለእርስዎና ለጋሼ ነው» አለች።

በዚያ አገር ሰው ወይን አለኝ ካለ ዘቢብ ማለቱ ነው፤ ተስሎ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ለቁርባን የሚሰጠው። እትዬ ጌታነሽ፣ የሟቹ የበኃይሉ ልጅ ለአባቷ ነፍስ ብላ ዘቢብ ያመጣች መስሏቸው ነበር። «የሚጠጣው ነው እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው። አዎ፣ የሚጠጣው ነው አለቻቸው። «ምነው ለማርያም በሆነ» አሉና ጀሪካናቸውን አስተካክለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ጥቂት ከራቁ በኋላ ግን ዞር ብለው፣ ለባላቸው እንደሚነግሩላት፣ መምጣት አለመምጣታቸውን ግን እንደማያውቁ ተናገሩ።

ባላቸው ፈንታ የእየሩስ አባት ታላቅ ወንድም ናቸው። ቤታቸው ከገብስ ማሳው ማዶ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ጭሱ ይታያታል። ነሐሴ ላይ ወንድማቸው ሲቀበር ሰው ይዟቸው ነበር የቆሙት። ለአርባውም ከማንም ቀድመው መጥተው ድንኳኑን ያስተከሉ እሳቸው ናቸው። ከአርባው ወዲህ ግን ደጇን አልረገጡም። እሳቸው ስላልረገጡም ሌላው አልረገጠም። መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ ሰላም ይላታል፤ ጤናዋን ይጠይቃል፤ ስለ ውርጩ ያወራል። ቤቷ ግን የሚገባ የለም።

ነገሩ የመጣው ከአንድ ቃል ነው። ሰኔ ላይ ከአዲስ አበባ ስትመለስ፣ የታመሙ አባቷን ሊጠይቁ የመጡ ሴቶች እዚያ ምን ትሠራ እንደነበር ጠየቋት። እየሩስ ሰው ሲያያት ቃል የሚጠፋባት ልጅ ናት። ሆቴል አስተዳደር ተምራለች፤ ትሠራበት የነበረው ቤት ምን ዓይነት እንደሆነ፣ እሷም ምን ኃላፊነት እንደነበራት መናገር ይቻል ነበር። ቶሎ የመጣላት ግን አጭሩ ነበር። «መጠጥ እቀዳ ነበር» አለች። ሴቶቹ እርስ በርስ አልተያዩም፤ ያለመተያየታቸው ነው ነገሩን ያስታወቃት። ቀጂ ማለት በሞላሌ ገበያ ዳር በራቸው ላይ መጋረጃ ያንጠለጠሉ ቤቶች ውስጥ ከጠጪው ጎን የምትቀመጥ፣ ጠጪው የሚጋብዛት ሴት ማለት ነው። ቃሉ ከአፏ ወጥቶ እሷ ወደ ጓዳ ገብታ እስክትመለስ ድረስ አገሩን ዞረ። ከዚያ በኋላ ማስተባበል ደግሞ ይብሳል፤ ያስተባበለ ሰው የሚደብቀው አለው ይባላል። ዝም አለች። ዝምታዋም እንደ እሺታ ተቆጠረ።

አባቷ የአማኑኤል ጽዋ ማህበርተኛ ነበሩ። ጽዋው በየወሩ በዕለተ አማኑኤል ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ተረኛው ጠላና ዳቦ አዘጋጅቶ ማህበሩን ያስተናግዳል። ማህበርተኛ ሲሞት ልጁ ተራውን ይወስዳል። ልጅ ከሌለ ወይም ልጁ ካልተፈለገ ቤቱ ይዘለላል። የተዘለለ ቤት ቀስ በቀስ ከሰው አፍም ይወጣል። የበኃይሉ ተራ ኅዳር ላይ ነው። የማህበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ ፈንታ ናቸው። ያለ እሳቸው ቃል ማንም አይናገርላትም።

እየሩስ ከራሷ ጋር ተነጋግራ ጨርሳለች። ጽዋው ቤቷን ከዘለለ ቁልፉን ለአጎቷ ሰጥታ ትመለሳለች። አዲስ አበባም የሚጠብቃት ሰው አልነበረም። ግን በማያውቁት ሰዎች መካከል ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ለምን ብቻዬን ሆንኩ ብሎ አይጠይቅም።

ወይኑ አንድ ጠርሙስ ነበር። ትሠራበት የነበረው ምግብ ቤት ባለቤት ከኦስትሪያ የመጡ አሮጊት ነበሩ፤ ዕድሜ ሲጫናቸው ቤቱን ዘግተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ የቀረውን ሁሉ ለሠራተኞቹ አከፋፈሉ። ማንቆርቆሪያ የደረሰው ነበር፤ ወንበር የደረሰው ነበር። ለእየሩስ ይህ ደረሳት። በጋቢ ጠቅልላ፣ በደብረ ብርሃንና በመዘዞ በኩል በአውቶቡስ ስትንገላታ ጭኗ ላይ አድርጋ ነው ያመጣችው። ስሙ ግሩነር ፌልትሊነር ነው። ወጥ ቤቱ ውስጥ ግን ሁሉም «ግሩም» ይለው ነበር፤ «ሁለት ግሩም ለመስኮቱ ጠረጴዛ!» እየተባለ ይጮኻል። ባለቤቲቱ ሲሰሙ፣ ግሩነር በእነሱ ቋንቋ አረንጓዴ ማለት ነው ብለው ያርሙ ነበር። ማንም አልታረመላቸውም። ወይኑ ራሱ አረንጓዴ አይደለም፤ ነጭ ከሚባሉት ወገን ነው፤ ብርሃን ላይ ሲያዩት የገብስ ገለባ ይመስላል።

እየሩስ ቀምሳው አታውቅም። የሚያስተናግድ ሰው አይጠጣም ነበር ሕጉ። ሌሎቹ ከተረፈው ጓዳ ገብተው ይጎነጩ ነበር፤ እሷ አልደፈረችም። ጣዕሙን የምታውቀው ባለቤቲቱ ካስጠኗት ቃላት ነው። ሎሚ ልጣጭ። ያልበሰለ ፖም። ነጭ ቁንዶ በርበሬ። ዝናብ የመታው ድንጋይ። እነዚህን ቃላት ለስንት እንግዳ ደግማለች፤ እንግዶቹም አፋቸውን እያንቀሳቀሱ አዎ፣ ልክ ነው ይሏት ነበር።

ፈንታ እንደሚመጡ በተነገራት ዕለት ምን እንደምታቀርብ ማሰብ ጀመረች። ቀይ ወጥ አይሆንም፤ በርበሬው ወይኑን ይውጠዋል። ባለቤቲቱ በአገራቸው ከምን ጋር እንደሚጠጣ ሲያወሩ፣ ስስ ተደርጎ የተጠበሰ የጥጃ ሥጋ ይሉ ነበር፤ የወንዝ ዓሣ ይሉ ነበር፤ በኮምጣጤና በሰናፍጭ የተሠራ ድንች ይሉ ነበር። ጎምዛዛ መጠጥ ስብ ይወዳል ይሉ ነበር። እየሩስ ይህን ወደ ራሷ ጓዳ አመጣችው። ስብ ያለው የጎድን ጥብስ፣ በጨውና በሮዝመሪ ብቻ። ምስሩን ቀቅላ፣ አቀዝቅዛ፣ በሰናፍጭና በሎሚ አዚፋ ትሠራዋለች። አይብ ከጎመን ጋር። እሸት ባቄላ፣ ወቅቱ ስለሆነ። ድፎ ዳቦ ከገብስና ከስንዴ።

ሥጋው ላይ ተቸገረች። ለጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤ በዚያ ብርድ ለእንግዳ ሥጋ አለማቅረብ አይታሰብም። በግ በበረት ነበራት፣ የአባቷ በጎች። በግ ግን ወንድ ነው ባርኮ የሚያርደው፤ ና እረድልኝ ብላ የምትጠራው ሰው ስታስብ አንድም ፊት አልመጣላትም። ቅዳሜ ሞላሌ ሄዳ ከሥጋ ቤት የበሬ ጎድን በኪሎ ገዛች። በመንዝ፣ በረት ሙሉ በግ ይዞ ሥጋ በላስቲክ አንጠልጥሎ መምጣት ሰው የሚያየው ነገር ነው። መንገዱን በዳር በዳር መጣች።

ወይኑን ለማቀዝቀዝ ማቀዝቀዣ አላስፈለጋትም። ቅዳሜ ማታ እንስራ ውስጥ ከውኃ ጋር አድርጋ ደጅ አሳደረችው። ጠዋት ውኃው ላይ ስስ በረዶ ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ፈንታ በሩ ላይ ቆመው የወንድማቸውን ቤት ከምሰሶው እስከ ጣሪያው አዩ፤ ቤት ለእንቦሳ አሉ፤ እንቦሳ እሰሩ ተባሉ። መደቡ ላይ አጎዛ ተነጥፎላቸው ተቀመጡ፤ እትዬ ጌታነሽ ከአጠገባቸው። ስለ ገብሱ ተወራ። አገሩ በጋራ ከሚጠብቀው ከጓሳ ሣር ማጨድ ዘንድሮ መቼ እንደሚፈቀድ ተወራ። ከዚያ ወሬው አለቀ፤ ሦስቱም እሳቱን አዩ።

እየሩስ ጠርሙሱን አመጣች። ሠላሳ ጊዜ አስባበት የነበረው ሁሉ ከጭንቅላቷ ጠፋ፤ እጇ ግን የሚያውቀውን ያውቃል። ጠርሙሱን ጽሑፉ ለአጎቷ እንዲታይ አድርጋ ያዘችው። ክዳኑን ጠመዘዘችው፤ እንደ ዘይት ጠርሙስ የሚጠመዘዝ ነው። በፈንታ ብርጭቆ ውስጥ ትንሽ፣ አንድ ጉንጭ የማትሞላ ቀዳች። ከዚያም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ፣ ግራ እጇን ከወገቧ ጀርባ አድርጋ ቆመች።

ፈንታ ብርጭቆውን አዩ። እሷን አዩ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ወይኑ ነው ጋሼ። ይቅመሱት።»

«እኔ ልቅመስልሽ?»

እትዬ ጌታነሽ ዓይናቸውን ወደ መሬት አወረዱ። እየሩስ ያን ጊዜ ገባት። በአገሩ ጠላም ሆነ ጠጅ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ ወደ መዳፉ ጠብ አድርጎ፣ እንግዳው እያየ ይጠጣል። ከእኔ አፍ ያልገባ ወደ አንተ አይገባም፣ መርዝ የለበትም ማለት ነው። እንግዳውን አስቀድሞ የሚያስቀምስ ቤት ደም የተቃባ ቤት ነው፤ እንዲህ ያለው የሚሰማው በድሮ የጠብ ወሬ ብቻ ነው።

ፈንታ አልተቆጡም። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ እሱ ነው የባሰው። «በወንድሜ ቤት ቀማሽ ሆንኩ» አሉ፤ ለማንም ያልተባለ ነበር። ከግድግዳው የተደገፈ ዱላቸውን ያዙ።

«ኧረ ይረጋጉ፣ ልጅ ናት» አሉ ሚስታቸው።

«ልጅ ናት። የበኃይሉ ልጅ ናት።»

ተነሡ። እየሩስ ጠርሙሱን አነሣች። ግራ መዳፏን ዘርግታ ቀዳችበት፤ ሞልቶ ወደ ክንዷ ፈሰሰ። ጎንበስ ብላ ጠጣችው።

ቀዝቃዛ ነበር፤ ጥርሷን ነካት። ጎምዛዛ ነበር። ፖም አልነበረም፤ ድንጋይም አልነበረም። መዳፏ ሲሠራበት የዋለው ሁሉ፣ ሰናፍጩም ጭሱም ጨውም አብሮ ገባ። ወደ ውስጥ ሲወርድ ግን ጉሮሮዋ ላይ አንድ ነገር ቆነጠጣት፤ እንደ ፌጦ ያለ። ለስንት ዓመት ነጭ ቁንዶ በርበሬ ብላ ለሰው የነገረችው ይህን ኖሯል።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ» አለች ቀና ብላ። «እጄ የለመደውን ነው ያደረገው።»

ፈንታ ዱላቸውን እንደያዙ ቆሙ። «ምን ለምዶ?»

«አስቀምሶ ቆሞ መጠበቅ።»

«የት?»

«እሠራበት የነበረው ቤት። እዚያ እንግዳው ነው ቀድሞ የሚቀምሰው። ጥሩ ነው ካለ እቀዳለሁ፤ ካላለ እመልሰዋለሁ።»

«ከቀዳሽ በኋላስ?»

«ወደ ሌላው ጠረጴዛ እሄዳለሁ።»

«አትቀመጪም?»

«አልቀመጥም።»

«ተቀመጪ ቢሉሽስ?»

«ቢሉኝም። አይፈቀድም ነበር። እኔም አልፈልግም ነበር።»

ፈንታ መዳፏን አዩ፤ አሁንም እርጥብ ነበር። «ትጠጪ ነበር?»

«አሁን መጀመሪያዬ ነው» አለች።

ከዚያ እትዬ ጌታነሽ ከመደቡ ላይ ሆነው፣ ከጠዋት ጀምሮ ያሳሰባቸው ነገር ይመስል ጠየቁ።

«ይህን ሁሉ ዓመት ቆመሽ ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እግርሽን አያምሽም ነበር?»

እየሩስ ከአዲስ አበባ ከተመለሰች ወዲህ ስለ እግሯ የጠየቃት ሰው አልነበረም። በአዲስ አበባም አልነበረም። «ያመኝ ነበር» አለችና ዞር ብላ እሳቱን ቆሰቆሰች።

ከጀርባዋ ዱላው ግድግዳውን ሲነካ ተሰማት። ፈንታ ተቀምጠዋል። ብርጭቆው ውስጥ የነበረችውን ትንሽ ጨለጧት። ፊታቸው ተኮማተረ፤ ሚስታቸውን አዩ፤ ሚስታቸው ብርጭቆውን ተቀብለው አሸተቱት።

«ኮምጥጧል፣ የኔ ልጅ» አሉ እትዬ ጌታነሽ በሀዘኔታ።

«ዝም በይ» አሉ ፈንታ። «የመዘዞ መንገድ ምን የማያደርገው አለ። ከዚያ ድረስ ተንገላቶ የመጣ ነው።» ብርጭቆውን ወደ እየሩስ ዘረጉ። «ቅጂልኝ። ጥሩ ነው።» ጥሩ ነው ያሉት ለቅሶ ቤት ውስጥ እግዜር ያጽናሽ በሚባልበት ድምፅ ነበር። ጠላው የኮመጠጠበትን ሰው ማሳፈር ነውር ነው፤ አለመጠጣትም ነውር ነው። እየሩስ፣ ወይኑ እንደዚያ ነው ጋሼ፣ እንዲያውም በደህናው ነው ልትል ትችል ነበር። ዝም ብላ ቀዳች። አሁን ግን አስቀድማ ጠብታ ወደ መዳፏ አደረገች።

ምግቡ ቀረበ። ፈንታ ጎድኑን ገልበጥ አድርገው አዩት።

«በርበሬው የት ገባ?»

«ያለ በርበሬ ነው የሠራሁት። ሚጥሚጣ ላምጣ?»

«ይሁን። የየትኛው በግ ነው? የዚያ የቦቃው?»

«የበሬ ነው ጋሼ። ከሞላሌ ነው የገዛሁት።»

«በረት ሙሉ በግ እያለሽ...» አሉና በመሐል አቆሙ። አጥንቱን በእጃቸው እንደያዙ ማሳውን፣ ማሳው ማዶ ያለውን የራሳቸውን ቤት በበሩ በኩል አዩ። «ለነገሩ ማን ይረድልሽ ነበር» አሉ ቀስ ብለው፤ ሚጥሚጣውንም አልጠየቁም።

ስቡን በልተው ወይኑን ሲጎነጩ ቆም አሉ። ብርጭቆውን አራቅ አድርገው አዩት። ከአዚፋው በዳቦ ጨልፈው ጎረሱና ሰናፍጩ አፍንጫቸው ላይ ሲወጣ እንደገና ተጎነጩ።

«አሁን ደግሞ ተሻለው» አሉ።

«ምን ተሻለው?» አሉ እትዬ ጌታነሽ።

«ይሄ ነገር። አጥንቱ ላይ ሲሆን ኮምጣጣነቱ ሄደ። ለካ ብቻውን የሚሆን አይደለም። እስቲ አንቺም ከአይቡ ጋር ሞክሪው።»

እትዬ ጌታነሽ ሞክረው፣ የእሳቸው አሁንም እንደኮመጠጠ ነው አሉ። ፈንታ ሳቁ። ሲስቁ የታች ጥርሳቸው ልክ እንደ አባቷ የተጠላለፈ ነበር፤ እየሩስ ዓይኗን ወደ ዳቦው መለሰች። ስሙ ማን ይባላል ተብላ ስትጠየቅ ግሩነር አለች። ፈንታ ግሩም ብለው ደገሙት። አላረመቻቸውም።

ጋቢያቸውን ለብሰው ሲወጡ ፈንታ ደጁ ላይ ዘገዩ። ሚስታቸው ቀድመው ወደ ማሳው ዳር ወርደዋል።

«ኅዳር የበኃይሉ ተራ ነው» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ተራራው አድርገው።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ጠላ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አስተምራኛለች።»

«በዚህ በግሩም አይሆንም።»

«አይሆንም» አለች፤ ፈገግ አለች።

«እናገራለሁ። የሚሉትን አላውቅም። ቃል ከወጣ በኋላ መመለሱ ከባድ ነው፤ የአንቺም የእኛም።» ዱላቸውን ተመርኩዘው ወረዱ።

እየሩስ ማሳውን አቋርጠው እስኪገቡ ድረስ በሩ ላይ ቆመች። ቤቱ ውስጥ አጎዛው ሰው ተቀምጦበት እንደተነሣ ጎድጎድ ብሎ ነበር። ሰው ገብቶበት የወጣ ቤት ሰው ካልገባበት ይልቅ ጸጥ ይላል፤ ይህን ከአርባው ማግስት ጀምሮ ታውቀዋለች። ጠርሙሱ ውስጥ ከግማሽ ያነሰ ቀርቶ ነበር። ከተረፈው ጎድን አንድ አጥንት አነሣች፤ ቆማ ልትበላ ነበር፤ ከዚያ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ወይኑ እሳት አጠገብ ስለቆየ ሞቅ ብሎ ነበር፤ ባለቤቲቱ ቢያዩ ያዝኑ ነበር። መስኮቱ ጋ ለሚቀመጡ እንግዶች ትለው የነበረውን ቃል አንድ በአንድ በሆዷ እያለች ጠጣችው። ሎሚው እውነት ነበር። ፖሙን አላገኘችውም።

በጥቅምቱ አማኑኤል ፈንታ ለማህበሩ ተናገሩ። ልጅቱ አስቀምሳ የምትቆም እንጂ የምትቀመጥ አልነበረችም አሉ፤ ምን እንዳዩ፣ መዳፏን ጭምር አስረዱ። ከፊሉ ሰው እሺ አለ። ከፊሉ ደግሞ ለእሷ አትከራከር፣ አጎት ነህና ይሉኝታ ይዞህ ነው፣ ቢያንስ የአባቷ ሙት ዓመት ይውጣ አለ። ክርክሩ ሳያልቅ ጽዋው ተጠጣ። የኅዳሩ ጽዋ የበኃይሉን ቤት ዘሎ በቀጣዩ ተረኛ በገብረ አማኑኤል ቤት ሆነ። ያን ዕለት ጠዋት እትዬ ጌታነሽ በእየሩስ ደጅ አልፈው ሲሄዱ ቆሙና፣ ፈንታ ወደ ጽዋው አብረሽን ነይ ብለዋል አሏት። እየሩስ ነጠላዋን ለብሳ ቤቱን ቆለፈችና ቁልፉን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ተከተለቻቸው።